ከግንባር የረገፈ

ላሊበላ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰይፈ ሥላሴ ገብረ ሊባኖስ፣ ጀርመን አገር፤

እንደምን ከረምክ ልጄ? እኔ አክስትህ ባንችይርጋ የላስታ ብርድና ያንተ ናፍቆት ካልሆነ በቀር የሚያመኝ የለም፤ ለሱም ለዚህም አምላክ ይመስገን። አባትህ መሪጌታ ደኅና ናቸው። ተማሪዎቻቸውን በዜማ ሲያርሙ ድምፃቸው ሰም የማቀልጥበት ጓሮዬ ድረስ ይሰማኛል።

ይህን ደብዳቤ የያዘልህ አስጎብኚው እንዳለው ነው፣ የጎረቤታችን ልጅ። ፈረንጆቹ ጋብዘውት ወደናንተ አገር ሊሄድ ነው ሲባል ጎረቤቴ ሸጌ ምን አለች መሰለህ? «ቤተ ክርስቲያን ማሳየት ለምዶበት ጀርመንንም ሊያስጎበኛቸው ነው!» አንጀታችን እስኪቆስል ሳቅን። ጎረቤት እንደ ሸጌ ይስጥህ።

ከደብዳቤው ጋር በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ እምነት አለ፤ ከይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ የመጣ፣ ጸሎት የተደረሰበት አፈር ነው። አድቅቄ ነፍቼዋለሁ፤ እናታችን ታደርግ የነበረውንም አድርጌበታለሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራህ ሳትገባ በጣትህ ጠቀስ አድርገህ ግንባርህን ተቀባ። አንድ ቀን እንዳትዘነጋ! ከዚህ ስትሳፈር ፊትህ እንደ ሰም ገርጥቶ አይቼዋለሁና ልቤ አላረፈም። ሲያልቅ ጨርቁን ቆሻሻ ላይ እንዳትጥለው። የተባረከ ነገር የያዘ ነው፤ አቃጥለህ አመዱን ሰው በማይረግጥበት በትነው።

ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው? ሸጌ ስትጠይቀኝ በስልክ ያልከኝን ይዤ «ሽቦ ያበቅላል» አልኳት። «ሽቦ እንደ ገብስ ይዘራል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ደኅና አድርገህ ጻፍልኝ፤ ስድስተኛ ክፍል የደረስኩ ሰው ነኝ እኮ። በስልክ ግን ይቅር። ቴሌ ቤት ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ጆሮውን ይደቅናል፣ ድምፅህም እየተቆራረጠ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

አክስትህ ባንችይርጋ፣ ጧፍ ሠሪዋ


ጀርመን፣ ኅዳር 22 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለእቴትዬ ባንችይርጋ፤

እንደምን ሰንብተዋል? የአባቴን ጉልበት ከዚህ ሆኜ ስሜያለሁ። እንዳለው ደብዳቤውንም ቋጠሮውንም በእጄ አስረክቦኛል። እንደታዘዝኩት ሳልቀባ አልገባም። አብረውኝ የሚሠሩት «ግንባርህ ቆሽሿል» ይሉኛል። «የአክስቴ ነው» እላቸዋለሁ።

ሥራዬን ልንገርዎት። ጥፍር የምታህል ጠፍጣፋ ብርጭቆ አለች። ወርቅ አሙቀን እናተንና እንደ ጤዛ እንዲያርፍባት እናደርጋለን። ጤዛ ስል ዓይን የማያየው፣ ጣት የማያውቀው ነጥብ ነው። ከዚያ ብርጭቆዋን አየሩ ተመጥጦ በወጣ የብረት ጋን ውስጥ እንሰቅላታለን። ከታች ነጭ ዱቄት በቀስታ ይሞቃል። ዱቄቱ ብረት አይደለም፤ እንጨትና ከሰል ከተሠሩበት ነገር የተሠራ ነው። ሆኖም ኤሌክትሪክ በከፊል ያሳልፋል፤ ሴሚኮንዳክተር ይሉታል። ሲተን ወደ ወርቁ ነጥብ ይጠጋና አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረደረ እንደ ጸጉር ይበቅላል። ከጸጉር ግን ብዙ እጅ ይቀጥናል። ሲበራበት ራሱም ሰማያዊ ያበራል። ወደፊት በጣም ትንንሽ መብራቶች ይሠሩበታል ተብሎ ይታሰባል።

ዋናው ቁም ነገር፣ የሚበቅለው ወርቁ ባለበት ብቻ ነው። ወርቅ ከሌለ ዱቄቱ እንደ አመድ ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ ወርቁን የት እንደምናስቀምጥ ካወቅን ሽቦውን የት እንደምናበቅል አወቅን ማለት ነው። ዶክተር የምባለው ይህን በሚገባ ካሳየሁ ነው።

አባቴ በእጃቸው አንዲት መስመር ቢጽፉልኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ልጅዎ ሰይፈ ሥላሴ


ላሊበላ፣ ጥር 3 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ሰይፌ፤

የዘንድሮው ገና በሰላም አለፈ፤ ላንተም የዓመት ሰው ይበልህ። ከዋግም ከራያም የመጣው ምእመን ጧፌን ጨርሶልኝ፣ እጄ እስካሁን ሰም ሰም ይሸታል።

ሥራህ ገባኝ! ክር ያላገኘ ሰም ምን ይሆናል? መሬት ላይ ፈስሶ ይረጋል፣ በቢላ ትፍቀዋለህ። ክሩን ሲያገኝ ግን ዙሪያውን ይይዝና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወርቁ ክርህ ነው፣ ዱቄቱ ሰምህ ነው። ተሳሳትኩ? ለሸጌ እንዲህ ብዬ ባስረዳት «ታዲያ ለመብራት ኃይል ዘር ይላክላቸዋ! የገና ዋዜማ እንኳ ጨለማ ውስጥ አሳደሩን» አለች። አንተ ግን እንዳትልክ። መብራት ሲጠፋ ነው የኔ ጧፍ የሚሸጠው።

አባትህ በእጃቸው ይጻፉልኝ ላልከው፣ እጃቸው ቀለም መያዝ ትቷል ይላሉ። በኔ ብዕር ግን መርቀውሃል፦ «በሊቃውንት ፊት ያቁምህ፣ አፍህን ከሐሰት ይጠብቅልህ።» አሜን በል።

አክስትህ ባንችይርጋ


ጀርመን፣ መጋቢት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእቴትዬ፤

አሜን ብያለሁ። ምርቃቱም ሳይደርስ አልቀረም። የጧፉን ምሳሌ ለአለቃዬ ለፕሮፌሰሩ ነግሬያቸው ወደውታል።

ይኸውልዎት ወሬ። ለማነጻጸሪያ ብዬ ወርቅ ያልተቀመጠባቸው ብርጭቆዎች አስገብቼ ነበር። ምንም እንደማይበቅልባቸው እናውቃለን። በቀለባቸው! ጥቂት ነው፣ እዚህም እዚያም ብትን ያለ ነው፤ ግን ረዥምና ቀጥ ያለ ነው። ደገምኩት፣ አሁንም በቀለ። ፕሮፌሰሩ ዓይን ዓይኔን እያዩ «እርግጠኛ ነህ፣ ወርቅ አልነካቸውም?» አሉኝ። አልነካቸውም ብዬ ማልኩ። ያለ ወርቅ ማብቀል ከተቻለ ትልቅ ነገር ነው። ጽሑፉ በስሜ ሊታተም ነው፤ በሊቃውንት ጉባኤ ፊትም ቆሜ አንብቤዋለሁ።

እምነቱ አለቀ። ጨርቁን እንዳዘዙኝ አቃጥዬ አመዱን ወንዝ ዳር በትኜዋለሁ።

ልጅዎ ሰይፈ ሥላሴ


ላሊበላ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ሰይፌ፤

ምነው ድምፅህ ጠፋ? ግንቦት ላይ ጻፍኩ፣ ሰኔ ላይ ጻፍኩ። ደብዳቤዬ አልደረሰህ ይሆን እያልኩ ራሴን እደልላለሁ። እንዳለውን «ጀርመን አገር ፖስታ ቤት የለም እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው «ከሰው ይልቅ ፖስታ ቤት ነው ያለው» አለኝ። ታዲያ አንተን ምን አገኘህ?

አባትህ የመጋቢቱን ደብዳቤ «ድገሚልኝ» እያሉኝ ወረቀቱ ሊበጣጠስ ነው። «ልጄ በጉባኤ ፊት ቆመ» ብለው ለተማሪዎቻቸው ነግረዋል፤ እሳቸው እንዲህ ብለው የሚያወሩ ሰው አልነበሩም። አንድ ነገር ብቻ ከንክኗቸዋል። «ማልኩ» ከምትለው ስደርስ ሁልጊዜ ያስቆሙኛል። «እውነት የያዘ ሰው መማል ለምን አስፈለገው?» ይላሉ። የሰው አገር ወግ ይሆናል እላቸዋለሁ።

ክረምቱ ከብዷል፤ ሰሙም በርጥበቱ አልደርቅ እያለ አስቸግሮኛል። አንዲት መስመር እንኳ ጻፍልን።

አክስትህ ባንችይርጋ


ጀርመን፣ መስከረም 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእቴትዬ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ስለ ዝምታዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ከዚያው ከይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከዚያው ከመጀመሪያው ቦታ፣ እንደ አምናው ያለ እምነት ይላኩልኝ። ለግንባሬ አይደለም፤ ለሥራ ነው። ምንም እንዳይጨመርበት፣ ምንም እንዳይቀነስበት። ከገና በፊት ሊደርሰኝ ይገባል። ለምን እንደሆነ አሁን አይጠይቁኝ።

ልጅዎ ሰይፈ ሥላሴ


ላሊበላ፣ ኅዳር 5 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጄ ሰይፌ፤

ደብዳቤህ አጭር ሆነብኝ። አንተ ለአክስትህ እንዲህ ትጽፍ ነበር? ይሁን፤ አትጠይቂኝ ብለሃልና አልጠይቅም።

የፈለግኸውን ልኬልሃለሁ። አባትህ ሲሰሙ «እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አሉ። ኧረ በዚህ ጉልበት ብላቸው «ለልጄ ሥራ ነው» ብለው በቅሎ አስጫኑ። አብሬያቸው ሄድኩ። ዋሻው ድረስ አቀበቱን በእግራቸው ወጡ፣ አፈሩን ከዚያው ቦታ በእጃቸው ዘገኑ፣ በእጃቸው ቋጠሩ። ከዚያ ብብታቸው ውስጥ ከተው እንዳለው ለሚያስጎበኛቸው ፈረንጆች እስኪያስረክቡ ድረስ ለኔ እንኳ አላስነኩኝም። «ልጁ ምንም አይጨመር ብሏል፤ የአንቺን አመል አውቃለሁ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ምን አመል አለኝ?

በቶሎ ጻፍ። እንዲህ አጭር ስትሆንብኝ እንቅልፍ የለኝም።

አክስትህ ባንችይርጋ


ጀርመን፣ ጥር 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእቴትዬ፤

ገናን እንዴት ዋላችሁ? እኔ በሕይወት አለሁ።

ፈርደውብኛል። የታተመውን ጽሑፍ ሌሎች ሰዎች በያገራቸው ሞክረውት አልሆነላቸውም። ምርመራ ተደረገ፣ ጉባኤ ተቀመጠ። ያደረግኸውን አላደረግሁም ብለሃል አሉኝ። በአንድ ቃል ዋሾ ነህ ነው። ጽሑፉ ተሽሯል፤ ትምህርቱም እዚህ ላይ አበቃ። የመኖሪያ ፈቃዴ ግንቦት ላይ ያልፋል፤ ከዚያ በፊት ዕቃዬን ሰብስቤ እመጣለሁ።

አፈሩ በጊዜው ደርሶኛል። እግራችሁ አይንቃ። እንዲገኝበት የተመኘሁት ነገር ግን አልተገኘበትም። ዝርዝሩን መጻፍ አቅቶኛል። አባቴ «ዋሽቷል?» ብለው ከጠየቁ «አልዋሸሁም ብሏል» ይበሉልኝ።

ሰይፈ ሥላሴ


ላሊበላ፣ የካቲት 10 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጄ፣ አንጀቴ፤

አበስኩ ገበርኩ! እጃቸውን ይቁረጠው ልል ነበር፤ ጾም ሊገባ ነው ብዬ ተውኩት። አንተን ዋሾ? ድመት ወተቱን ደፋች ለማለት እንኳ ሦስት ጊዜ የምታስብ ልጅ!

አባትህ ያሉትን ልጻፍልህ ወይስ ልተወው እያልኩ ሰነበትኩ። ካንተ ምን እደብቃለሁ? «ስንት ሊቅ ተቀምጦ ነው የፈረደበት?» አሉኝ። እኔ ምን አውቄ። «ሙሉ ጉባኤ ተቀምጦ ያለ ነገር ሰውን ዋሾ አይልም። አፈሩንም ሰበብ ሊያደርገው ነበር። እኔ ግን ንጹሑን ቋጠርኩበት» አሉ። የተናገርኩልህን ሁሉ ተናገርኩልህ። ዕድሜ ልካቸውን ጉባኤ ያከበሩ ሰው ናቸውና አልሰማ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በጸሎታቸው ስምህን አልሰማሁም።

እኔስ የምችለውን አድርጌ ነበር። ያንን አጭር ደብዳቤህን ካየሁ ወዲህ ልቤ ስላልተረጋጋ፣ ነገሩ ከተሳካልህ ብዬ የእማማን የወርቅ ጉትቻ ለመድኃኔ ዓለም ተሳልኩ። ገና ሲመጣም መሳካቱን ሳልጠብቅ ሰጠሁት። ታውቀዋለህ ጉትቻውን። የአንደኛው ጠርዝ የተፋቀው እኮ አምና ላንተ እምነት ነው። እናታችን ለድንጋጤ ወርቅ ፍቃ በውሃ ታጠጣን ነበር። አንተም ደንግጠህ ስለሄድክ በቢላ መሳያው ድንጋይ ላይ ፈግፍጌ ከአፈሩ ጋር አድቅቄ ላክሁልህ። ለአባትህ ሳልነግር ነው፤ «እምነት ላይ ባዕድ ነገር!» ብለው ይቆጡኛል። ሁለተኛው እምነት ግን እኔ እጅ ሳይገባ ከብብታቸው ወደ ፈረንጆቹ ሄደ። ያን ጊዜ ትንሽ ፍቄ ብጨምርበት ኖሮ ይህ ሁሉ ድንጋጤ ይቀልልህ ነበር እያልኩ ይቆጨኛል።

አሁን ጉትቻው ከሌላው የስለት ወርቅ ጋር ቀልጦ መስቀል ይሆናል ብለውኛል ገበዙ። ይሁን። አንተ ብቻ ና፤ ጧፍ እያጠመዘዝንም ቢሆን እንኖራለን።

አክስትህ ባንችይርጋ


ጀርመን፣ መጋቢት 18 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ፤

አባቴ ሆይ፣ ጉልበትዎን ስሜ እለምንዎታለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ራስዎ ብቻ ያንብቡት። እቴትዬ እንዳትሰማው።

በብርጭቆዎቹ ላይ ወርቅ ተገኘ። ሽቦዎቹ ከበቀሉበት ሥር፣ ወርቅ አልነካቸውም ብዬ በማልኩበት ላይ። የከሰሱኝ በዚህ ነው። እኔ አላኖርኩም፤ ከየት እንደመጣ ግን አላወቅሁም። ስጨነቅ ስጨነቅ ግንባሬ ትዝ አለኝ። በብርጭቆዎቹ ላይ ሳጎነብስ የደረቀው እምነት ይረግፍ ነበር፤ የምናደርገው ቆብ ግንባር አይሸፍንም። የላስታ አፈር ወርቅ ይኖረው ይሆናል አልኩ። ለጉባኤው ተናገርኩ፤ ሳቁ፣ ግን አፈሩን አስመጣ አሉኝ። መጣ፣ ተመረመረ፣ ቅንጣት ወርቅ አልተገኘበትም። ያኔ ዋሾነቴ ጸደቀ።

ከፍርዱ በኋላ የእቴትዬ ደብዳቤ ደረሰኝ። በመጀመሪያው እምነት ውስጥ የአያቴን ጉትቻ ፍቃ ጨምራበት ነበር። ወርቁ እሱ ነው። ደብዳቤውን ተርጉሜ ለፕሮፌሰሩ ወሰድኩላቸው። «አንድ ጊዜ አፈር፣ አንድ ጊዜ ጉትቻ፤ በቃህ» ብለው በሩን አሳዩኝ። ጨርቁን አቃጥዬዋለሁ፤ ጉትቻው ለስለት ሄዷል። የማሳየው ነገር የለኝም።

አባቴ፣ እዚህ ያሉት ያላመኑኝን እርስዎ እንዲያምኑኝ ነው የጻፍኩት። አልዋሸሁም። ለእቴትዬ ግን ምንም አይንገሯት። በፍቅር ያደረገችው ነው፤ ብትሰማ ራሷን ትበላለች።

ልጅዎ ሰይፈ ሥላሴ


ላሊበላ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2000 ዓ.ም.

ልጄ ሰይፌ፤

ለአባትህ ደብዳቤ የሚያነብላቸው ማን ይመስልሃል?

አባትህ አያዩም። ዓይናቸው መፍዘዝ የጀመረው አምና ከገና በፊት ነው፤ ባለፈው ክረምት ጭራሽ ጠፋ። «ትምህርቱን ጥሎ ይመጣብኛል፤ እንዳትጽፊ» ብለው አስምለውኝ ነው። ወደ ዋሻው ስንወጣ ዘንጋቸውን የምመራው እኔ ነበርኩ። አፈሩንም በዳበሳ ነው የቋጠሩት።

ደብዳቤህ በፋሲካ ሰሞን ደረሰ። ባንተ ስም የመጣ ነው ስላቸው እጃቸውን ዘረጉ፣ አሽተቱት፣ መልሰው ሰጡኝ። ጮክ ብዬ ጀመርኩ። «እቴትዬ እንዳትሰማው» ከምትለው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ምነው ቆምሽ?»

«ቀለሙ ፈዟል።»

«ደግሞ አንቺም ዕውር ልትሆኚብኝ ነው? አንብቢው!»

አነበብኩት፤ እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳልዘል። ወረቀቱን አጥፌ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ጎረቤት ሸጌ ስትስቅ ይሰማል።

«ጉትቻው የእናታችን ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ የእማማ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይቆጡኝ ነበራ።»

«እቆጣሽ ነበር» አሉ። ደግሞም «እንግዲያውስ ልጄ አልዋሸም» አሉ። ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ዞሩና በጸሎታቸው ስምህን ጠሩ። እኔ ግን አብሬያቸው መቆም አቃተኝ።

ገበዙ ዘንድ ሄጄ ነበር። ቀልጧል አሉኝ፤ ባይቀልጥም የተሰጠ ስለት አይመለስም። ስለኔ አታስብ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ በዚህ ቤት ውሸት ሰልችቶኛል። ሰሙን ሳቀልጥ ክሩን አይቼ እተወዋለሁ። ጧፍ ከሠራሁ ሰነበትኩ።

የቢላ መሳያው ድንጋይ ግን አለ። ፀሐይ ላይ ሳዞረው ጠርዙ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነ ቢጫ ጭረት ይታየኛል። ልልክልህ ጨርቅ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ አባትህ አልሰጥም አሉ። ደጃፍ ላይ ይቀመጡና ድንጋዩን ጭናቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ወርቁን ይፈልጉታል። ጣት እንደማያውቀው አንተ ራስህ ጽፈህልኛል።

«እዚህ ጋ ነው?» ይሉኛል።

ጣታቸው ያረፈው ባዶው ድንጋይ ላይ ነው። «አዎ፣ እዚያው ጋ ነው» እላቸዋለሁ።

አክስትህ ባንችይርጋ